ዕዳው መጨረሻ ይምጣ

በኦክላንድና በሳን ሆዜ ሐበሾች ዘንድ አንድ ሰው በቁማር መክሰሩ ሲሰማ የሚሆነው ነገር የታወቀ ነው። ሁለት ሦስት ሽማግሌዎች ይሰበሰባሉ። ሰውየው ይጠራል፣ ይመከራል፣ ያለቅሳል፣ ዳግመኛ እንደማይነካው ይምላል። ከዚያ መዋጮ ይጀመራል። የክሬዲት ካርዱ ዕዳ ይዘጋለታል፣ የቤት ኪራዩ ይከፈልለታል፣ የዕቁቡ ቀሪ ይሸፈንለታል። የሚያዋጡት ሰዎች ሌሊት ታክሲ ነድተው፣ ፓርኪንግ ቆመው፣ ሆስፒታል ውስጥ ድርብ ፈረቃ ሠርተው ያገኙትን ገንዘብ ነው የሚሰጡት። ፍቅራቸው አያጠራጥርም። ቅደም ተከተሉ ግን የተገለበጠ ነው ብዬ አምናለሁ። ዕዳ፣ ቁማርና ድባቴ በአንድ ሰው ላይ ሲደራረቡ ቀድሞ የሚታየው ዕዳው ነው፤ ቀድሞ መነካት ያለበት ግን እሱ አይደለም። ይህ ዳሰሳ ለምን እንዲህ እንደምል ለማሳየት ነው። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከቦታው እንነሳ። ፍሩትቬል የምሥራቅ ኦክላንድ ሰፈር ነው፤ ስሙን ያገኘው በአንድ ወቅት ከነበሩት የፍራፍሬ እርሻዎች ነው። ዛሬ በአብዛኛው የላቲኖዎች ሰፈር ሲሆን ሐበሾችም ይኖሩበታል። ቀድሞ ምሥራቅ 14ኛ ጎዳና ይባል የነበረው ኢንተርናሽናል ቡሌቫርድ መሐሉን ሰንጥቆት ያልፋል። እዚህ ለሚኖር ሰው ቁማር ሩቅ አይደለም። ኤመሪቪል ውስጥ ያለው ኦክስ ካርድ ክለብ በመኪና ጥቂት ደቂቃ ነው። ወደ ሰሜን በአይ 80 ሲነዳ የቀደምት አሜሪካውያን የሆነው የላይተን ነገድ ካሲኖ ሳን ፓብሎ ላይ ቀንም ሌሊትም ክፍት ነው። ሮነርት ፓርክ ላይ በ2013 የተከፈተው ግሬተን አለ፤ ራቅ ብሎ ካሽ ክሪክ አለ። ሳን ሆዜ ሁለት የካርታ ቤቶች አሏት፤ ቤይ 101 እና ካሲኖ ሜትሪክስ። ሜትሪክስ ከአውሮፕላን ማረፊያው ጋር ጎረቤት ነው ማለት ይቻላል፤ ተሳፋሪ እስኪመጣ ሰዓታት ለሚጠብቅ ሹፌር ይህ ምን ማለት እንደሆነ ሹፌር የሆነ ያውቃል። ሎተሪው ደግሞ ከ1985 ጀምሮ በየሱቁ ባንኮኒ ላይ ነው።

የስፖርት ውርርድ በካሊፎርኒያ እስካሁን አልተፈቀደም። በ2022 ሕዝበ ውሳኔ የቀረቡት 26ኛውና 27ኛው ሐሳቦች ሁለቱም ወድቀዋል። ለሐበሻው ግን ይህ ግማሽ መከላከያ ነው፤ በስልኩ ሌላ በር ተከፍቶለታልና። ካለፉት አሥር ዓመታት ወዲህ ከአዲስ አበባ በዲቪ የመጣ ወጣት ቤቲንግን እዚያው ተምሮት ነው የመጣው። ትኬት መቁረጥ፣ ኦድ መቁጠር፣ አቪዬተር የሚባለው ጨዋታ፣ በቴሌብር ገንዘብ ማስገባት ለእሱ አዲስ አይደሉም። አዲስ አበባ ውስጥ የከተማው አስተዳደር ብዙ ቤቲንግ ቤቶችን አሽጓል፤ በስልክ የሚካሄደውን ግን ማሸግ አይቻልም። ለወንድም ትምህርት ቤት ክፍያ ተብሎ ከኦክላንድ የሚላክ ዶላር እዚያ ቤቲንግ ላይ የሚውልበት ጊዜ አለ፤ ይህንንም በግልጽ አንነጋገርበትም።

አሁን ወደ ሕመሙ። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ከቁጥጥር የወጣ ቁማርን በመመርመሪያ መጽሐፉ ውስጥ ያስገባው በ1980 ነው። በ2013 ደግሞ ከአልኮልና ከአደንዛዥ ዕፅ ጋር በሱስ ምድብ አስቀመጠው። ዘጠኝ ምልክቶች ተዘርዝረዋል፤ በአንድ ዓመት ውስጥ አራቱ የታዩበት ሰው ሕመሙ አለበት ይባላል። ከእነዚህ ውስጥ የተበላውን ለማስመለስ በማግሥቱ መመለስ አለ፤ መዋሸት አለ፤ ሲከፋ፣ ሲጨንቅ፣ የጥፋተኝነት ስሜት ሲያይል ወደ ቁማር መሮጥ አለ። የመጨረሻው ምልክት እኛን በቀጥታ የሚመለከት ነው፤ ቁማሩ ካመጣበት የገንዘብ ችግር ለመውጣት በሌሎች ገንዘብ ላይ መደገፍ። ሽማግሌ ሰብስበን፣ መዋጮ አድርገን የምናደርገው ነገር በመጽሐፉ ከሕመሙ ምልክቶች አንዱ ሆኖ ተመዝግቧል። ሰው መርዳት ክፉ ሆኖ አይደለም። ዕዳው በአንድ ቀን ሲጠፋለት ቆማሪው የሚማረው ነገር ስላለ ነው፤ የከፋው ቢመጣ የሚያወጣው ሰው እንዳለ ይማራል። የሚያንገበግበው ጭንቀት ለአንድ ወር ይቀላል፣ ክሬዲት ካርዱ እንደገና ከዕዳ ነጻ ይሆናል፣ ከዕዳ ነጻ የሆነ ካርድ ደግሞ ለእሱ አዲስ ገንዘብ ነው።

አንድ ጊዜ ማሽኑን ቀረብ ብለን እንየው። ሳን ፓብሎ ያሉት ማሽኖች ሲታዩ እንደ ላስ ቬጋስ ስሎት ናቸው፤ ስዕሎች ይሽከረከራሉ፣ መብራት ይንቦገቦጋል። በሕጉ ግን ቢንጎ ናቸው። አዝራሩ ሲነካ ከበስተጀርባ የቢንጎ ቁጥር ይወጣል፣ ማን እንደበላና ማን እንደተበላ በዚያው ቅጽበት ይወሰናል፤ የሚሽከረከሩት ስዕሎች የተወሰነውን የሚያሳዩ ማስዋቢያ ናቸው። ሁለት ሰባት ተሰልፎ ሦስተኛው ለጥቂት አምልጦ ሲቆም ተጫዋቹ «ደርሼ ነበር» ይላል። የደረሰበት ነገር የለም። በ2009 ሉክ ክላርክና ባልደረቦቹ ያሳተሙት የአንጎል ምርመራ እንዳሳየው «ለጥቂት አመለጠ» የሚመስለው ሽንፈት የሚያነቃው ድል የሚያነቃቸውን የአንጎል ክፍሎች ነው። በሌሊቱ ፈረቃ የደከመ፣ እንቅልፍ ያጣ፣ ልቡ የከበደበት ሰው እዚያ ወንበር ላይ ሲቀመጥ የሚፈልገው ገንዘብ ብቻ አይደለም። ለጥቂት ሰዓት ምንም አለማሰብን ነው የሚፈልገው፤ ማሽኑም ይህን በደንብ ይሰጣል።

ድባቴው ይቀድማል ወይስ ቁማሩ? ይህ የሚያከራክር ጥያቄ ነበር። ናንሲ ፔትሪና ባልደረቦቿ ከ43,000 በላይ አሜሪካውያን የተጠየቁበትን ጥናት ተንትነው በ2005 ባሳተሙት ሥራ፣ የቁማር ሕመም ከነበረባቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉ በሕይወታቸው ድባቴ ወይም ሌላ የስሜት ሕመም ገጥሟቸዋል። በ2008 ሮናልድ ኬስለርና ባልደረቦቹ ደግሞ፣ ቁማሩ ሕመም ከሆነባቸው ሰዎች ከመቶ 96ቱ ቢያንስ አንድ ሌላ የአእምሮ ሕመም እንደነበረባቸውና በአብዛኞቹ ላይ ያኛው ቀድሞ እንደመጣ ጻፉ። አውስትራሊያዊው አሌክስ ብላዝቺንስኪና ሊያ ናወር በ2002 መንገዶቹ ከአንድ በላይ ናቸው ብለው ነበር፤ አንዱ በልማድ ይገባል፣ አንዱ ሐዘኑን ለማስታገስ ይገባል፣ አንዱ ከልጅነቱ ችኩልነት ጋር ይገባል። እኔ ካየኋቸው ሐበሾች ብዙዎቹ ሁለተኛው መንገድ ላይ የሚገኙ ይመስለኛል። እናቱን ሳይቀብር የቀረ፣ ወረቀቱ ለዓመታት የተንጠለጠለበት፣ በሙያው መምህር ወይም መሐንዲስ ሆኖ እዚህ ስቲሪንግ ላይ የተቀመጠ፣ አገር ቤት ጦርነት በተነሳ ጊዜ ቤተሰቡ የት እንዳለ ለወራት ያላወቀ ሰው። ሐዘኑን የሚያወራበት ቦታ የለውም፤ ካሲኖው ግን በሌሊት ክፍት ነው።

ዕዳው ሲመጣ ድባቴው ይጠነክራል። በ2013 ቶማስ ሪቻርድሰንና ባልደረቦቹ ብዙ ጥናቶችን ሰብስበው ሲመዝኑ፣ ባለዕዳ ሰዎች ላይ የአእምሮ ሕመም ዕዳ ከሌላቸው በሦስት እጥፍ ያህል በልጦ ተገኘ። አደገኛው ደግሞ ሦስቱ ሲገጥሙ ነው። በስዊድን ሐኪሞች የቁማር ሕመም የመዘገቡላቸው ሰዎች በ2018 በወጣ ጥናት ሲታዩ፣ ራስን በማጥፋት የሚሞቱት ከሌላው ሕዝብ ጋር ሲነጻጸር በ15 እጥፍ ይበልጡ ነበር። ይህን ቁጥር የማነሳው ለማስፈራራት አይደለም፤ ሽማግሌ ሲሰበሰብ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበትን ጥያቄ ስለሚነግረን ነው። ስንት ተበላህ፣ ለማን ለማን ዕዳ አለብህ፣ ሚስትህ ታውቃለች ወይ ብለን እንጀምራለን። መቅደም ያለበት «ሕይወትህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ ወይ?» የሚለው ነው። በቀጥታ መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣም፤ ብዙ ጊዜ ሰውየው ትንፋሽ ያገኛል። አዎ ካለ ብቻውን አይተዉትም፣ 988 ይደወላል። ይህ መስመር ከ2022 ሐምሌ ጀምሮ በመላው አሜሪካ የሚሠራ ነው፤ በአስተርጓሚም መነጋገር ይቻላል።

ከሌሎች ስደተኞች የምንማረው አለ። በ2003 ፔትሪና ባልደረቦቿ ኮነቲከት ውስጥ ከካምቦዲያ፣ ከላኦስና ከቬትናም የመጡ ስደተኞችን ጠይቀው 59 በመቶው በሕይወት ዘመናቸው የቁማር ሕመም መስፈርትን እንደሚያሟሉ አገኙ። የተጠየቁት አንድ መቶ የማይሞሉ ሰዎች ስለነበሩ ቁጥሩን በሁሉም ስደተኛ ላይ መጫን አይገባም፤ ግን ጦርነት፣ ስደትና ቁማር አብረው እንደሚሄዱ በግልጽ ያሳያል። በቅርባችን ሳን ፍራንሲስኮ ቻይናታውን ውስጥ ኒኮስ የሚባለው የጤና ጥምረት በ1990ዎቹ መጨረሻ ነዋሪውን ጠይቆ ቁማር ትልቅ ችግራችን ነው የሚል መልስ አገኘ፤ ከዚያ በኋላ በራሳቸው ቋንቋ የምክር አገልግሎት አቋቋሙ። ፍሩትቬል ላይ ደግሞ ላቲኖዎች በ1971 ላ ክሊኒካ ዴ ላ ራሳን መሠረቱ፤ ዛሬ የአእምሮ ጤና አገልግሎትም ይሰጣል። ሁለቱም ማኅበረሰቦች የጀመሩት ችግሩን በስሙ በመጥራት ነው። እኛ ዘንድ ስሙ ገና በሹክሹክታ ነው የሚነገረው፤ «ልጁ ትንሽ ተበላሽቷል» ይባላል።

ቤተ ክርስቲያንንና መስጊድን ሳይነኩ ይህን ጉዳይ ማለፍ አይቻልም። ሁለቱም ቁማርን ይከለክላሉ፤ ክልከላው ብዙ ሰው እንዳይጀምር አድርጎታል ብዬ አምናለሁ። ከጀመረ በኋላ ግን ኃጢአቱ ከባድ መሆኑ አፍ ያዘጋል። ያም ሆኖ ለኦርቶዶክስ ምእመን የንስሐ አባት ምስጢር የሚነገርበት ብቸኛው ሰው ሊሆን ይችላል፤ ከማንኛውም ሐኪም ቀድሞ ይሰማል። ስለዚህ ካህኑ ቀኖናውን ሲሰጥ፣ ጸበሉን ሲያዝ፣ የሐኪሙንም መንገድ አብሮ ቢያሳይ የሰው ሕይወት ይተርፋል። ኢማሙም እንዲሁ።

ሕክምናው አለ፤ በካሊፎርኒያ ነዋሪ ለሆነ ሰው ደግሞ በነጻ ነው። የክፍለ ግዛቱ የቁማር ችግር ቢሮ ከዩ.ሲ.ኤል.ኤ. ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ የሚያካሂደው ካልጌትስ የሚባል ፕሮግራም አለ። በስልክ ቁጥር 1-800-426-2537 ሲደወል ወደ ሠለጠነ አማካሪ ይመራል፤ አስተርጓሚ መጠየቅ መብት ነው። የተሻለ ማስረጃ ያለው ሕክምና በንግግር የሚሰጠው ነው፤ ሰውየው ቁማር ከመጀመሩ በፊት ምን እንዳሰበ፣ ምን እንደተሰማው፣ የትኛው ሰዓት እንደሚከብደው እየለየ ሌላ መውጫ ይማራል። ለቁማር ብቻ ተብሎ በአሜሪካ የመድኃኒት ባለሥልጣን የተፈቀደ መድኃኒት የለም። ድባቴው ግን በመድኃኒትም ይታከማል፤ እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። ለድባቴ ማጠናከሪያ ከሚታዘዙት አንዱ አሪፒፕራዞል ነው፤ ባለሥልጣኑ በ2016 ይህ መድኃኒት በአንዳንድ ሰዎች ላይ የማይገታ የቁማር ፍላጎት ሊያመጣ እንደሚችል አስጠንቅቋል። ለፓርኪንሰን ከሚሰጡትም እንዲህ የሚያደርጉ አሉ። መድኃኒት በራስ ማቋረጥ አይገባም፤ ለሐኪሙ «ቁማር እጫወታለሁ» ብሎ መናገር ግን ግድ ነው። ሐኪሙ ካልተነገረው አያውቅም፣ አብዛኛውም አይጠይቅም።

ቀጥሎ የሚመጣው ገንዘቡ እጅ የሚገባበትን መንገድ መዝጋት ነው፤ ሽማግሌ ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ኡበር የሚነዳ ሰው ያገኘውን በዚያው ቀን፣ እንዲያውም በቀን ብዙ ጊዜ፣ ወደ ካርዱ ማውጣት ይችላል። ለደኅና ሰው ምቾት ነው። ለታመመው ግን ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ የሚከፈት በር ነው። ክፍያው በሳምንት አንዴ እንዲሆን፣ ወደ ሚስት ወይም ወደሚታመን ዘመድ አካውንት እንዲገባ፣ በእጁ የነዳጅና የምሳ ብቻ እንዲኖር ማድረግ ከአንድ መሐላ ይበልጣል። ክሬዲት ካርዱ ላይ ካሽ አድቫንስ ማዘጋት ይቻላል። ከካርታ ቤቶች ራስን ማስከልከያ ፎርም ክፍለ ግዛቱ አለው፤ የነገዶቹ ካሲኖዎች ግን የየራሳቸው ስለሆኑ በየአንዳንዱ ለብቻ መመዝገብ ያስፈልጋል። ኦክስ ላይ የተከለከለ ሰው ሳን ፓብሎ መግባት ይችላል ማለት ነው። ይህን ሳያውቁ «አስከልክሏል» ብለው የተዘናጉ ቤተሰቦች አሉ።

አሁን ዕዳው። መጀመሪያ መቆም ያለበት አዲስ ዕዳ ነው፤ ከአዲሶቹም ክፉው ፔይዴይ የሚባለው ብድር ነው። በካሊፎርኒያ ሕግ ተበዳሪው ቢበዛ የ300 ዶላር ቼክ ይጽፋል፣ አበዳሪው እስከ 45 ዶላር ይይዝና 255 ይሰጠዋል። ጊዜው ብዙውን ጊዜ ሁለት ሳምንት ነው። በዚህ ጊዜ በዓመት ሲሰላ ወለዱ ከ450 በመቶ ይበልጣል። አገር ቤት አራጣ ወንጀል ነው፤ እዚህ ግን በሕግ ተፈቅዶ፣ ታፔላ ሰቅሎ፣ ጎዳና ላይ ይሠራል። በአራጣ ያደገ ማኅበረሰብ አራጣን ማወቅ አያቅተውም ነበር፤ የሚያታልለን ሱቁ ንጹሕ መሆኑና ፈገግታው ነው።

ኮሌክሽን የገባ፣ ማለትም ለዕዳ ሰብሳቢ የተላለፈ ዕዳ ሲሆን ብዙ ሰው ስልኩን ዘግቶ ይደበቃል፤ ድባቴው ላይ መደበቁ ሲጨመር ፖስታ ሳይከፈት ይከመራል። ከተከመረው ውስጥ የፍርድ ቤት መጥሪያ ሊኖር ይችላል። መልስ ያልተሰጠበት ክስ በሌለበት ይፈረድበታል፣ ከዚያ ከደመወዝ መቁረጥ ይከተላል። ስለዚህ ፖስታውን የሚከፍትለት ሰው መመደብ ለታመመው ትልቅ ውለታ ነው። ተበዳሪው የመጀመሪያው ማስታወቂያ በደረሰው በ30 ቀን ውስጥ ዕዳው የእሱ መሆኑን እንዲያረጋግጡለት በጽሑፍ መጠየቅ ይችላል፤ አትደውሉልኝ ብሎ መጻፍም ይችላል። በጽሑፍ ውል ለተገባ ዕዳ ካሊፎርኒያ ውስጥ መክሰሻው ጊዜ በአብዛኛው አራት ዓመት ነው። በርክሌይ ያለው ኢስት ቤይ ኮሚዩኒቲ ሎው ሴንተር እንዲህ ያለውን ጉዳይ ለድኻ በነጻ ያያል።

ዕዳን በፍርድ ቤት ስለማሰረዝ፣ ስለ ባንክራፕሲ፣ እኛ ዘንድ ብዙ ፍርሃት አለ። ዜግነት ያስከለክላል ይባላል፤ ባንክራፕሲ በራሱ አያስከለክልም። ማመልከቻው ፍርድ ቤት ሲገባ የአበዳሪዎቹ ስልክም፣ ክሱም፣ ደመወዝ መቁረጡም ይቆማል። ግን ሁለት ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። አንደኛ፣ ቻፕተር 7 የሚባለውን አንዴ የተጠቀመ ሰው እንደገና በዚያው ለመሰረዝ ስምንት ዓመት ይጠብቃል። ቁማሩ ሳይቆም ከገባ ያቺን አንድ ዕድል አባከነ ማለት ነው፤ ዕዳው መጨረሻ ይምጣ የምለው ከሁሉ ይበልጥ ለዚህ ነው። ሁለተኛ፣ ከመግባቱ በፊት ባለው አንድ ዓመት ለወንድሙ ወይም ለእህቱ የመለሰው ብድር በፍርድ ቤቱ ባለአደራ ተመልሶ ሊወሰድ ይችላል። ሐበሻ ሲጨንቀው መጀመሪያ የሚከፍለው ለዘመዱ ነው፤ ጠበቃ ሳያማክር ይህን ያደረገ ሰው ወንድሙን ችግር ውስጥ ሊከት ይችላል። የዕቁብ ዕዳም መመዝገብ አለበት፤ ሐፍረቱ ከባንኩ ዕዳ የሚበልጠውም እሱ ነው፣ አበዳሪዎቹ በየእሑዱ የሚያያቸው ሰዎች ናቸውና።

እንግሊዝና ዌልስ ለባለዕዳ የ60 ቀን ፋታ የሚሰጥ ሕግ በ2021 ሥራ ላይ አውለዋል፤ በአእምሮ ሕመም ቀውስ ውስጥ ላለ ሰው ፋታው ሕክምናው እስኪያልቅና ከዚያ በኋላ 30 ቀን ይዘልቃል። አሜሪካ እንዲህ ያለ ነገር የላትም። ዕቁባችን ግን በራሱ ሊያደርገው ይችላል፤ ማንም አይከለክለውም። ሰውየው ሕክምና መጀመሩን ሁለት ሰው ካረጋገጠ የዕቁቡ ዳኛ ለሦስት ወር ክፍያውን ቢያቆይለት፣ ከዚያ በየወሩ ትንሽ ትንሽ እየከፈለ እንዲጨርስ ቢጽፍለት፣ ዕቁቡ አይፈርስም። በ1957 ሎስ አንጀለስ ላይ የተመሠረተው የቆማሪዎች መረዳጃ ማኅበር ጋምብለርስ አኖኒመስ ከዚህ የሚመሳሰል ልማድ አለው። ቆይተው የዳኑ አባላት አዲሱን ሰው ከሚስቱ ጋር ያስቀምጡታል፣ ዕዳውን አንድ በአንድ ያስጽፉታል፣ ለሁሉም ትንሽ ትንሽ የሚደርስ የክፍያ ዕቅድ ያወጡለታል፤ አዲስ ብድር ወስዶ እንዲዘጋው አይመክሩም፣ ዕዳውንም አይከፍሉለትም። የእኛ ሽማግሌ ይህን ሥራ ቢሠራ ከመዋጮው ብዙ እጥፍ ይጠቅማል። መዋጮ ካስፈለገም ገንዘቡ ወደ ሰውየው እጅ ሳይሆን በቀጥታ ወደ ቤት አከራዩ፣ ወደ መብራቱ፣ ወደ ልጆቹ ምግብ ይሂድ።

የቀረችው ሚስት ናት። ካሊፎርኒያ በጋብቻ ውስጥ የተፈጠረ ንብረትና ዕዳ የጋራ ነው ከሚሉት ክፍለ ግዛቶች አንዷ ናት። እሷ ሳትፈርም ባልየው የቆመረበት ካርድ ከእሷ ደመወዝ ላይ ሊከፈል ይችላል። ብዙዎቹ የሚያውቁት ቤቱ ከተናወጠ በኋላ ነው፤ ብዙዎቹም «ስሙ እንዳይጠፋ» ብለው ዓመታት ዝም ይላሉ፣ እነሱም ድባቴ ውስጥ ይገባሉ። ካልጌትስ ለቆማሪው ብቻ የተዘጋጀ አይደለም፤ በቁማሩ የተጎዳ የቤተሰብ አባልም በነጻ ይታከምበታል። ባልየው አልታመምኩም ቢል፣ ሽማግሌም ባይመጣ፣ እሷ ስለ ራሷ ብቻ መደወል ትችላለች፤ ስሙን እንድትናገር አትገደድም።